ሦስት ጊዜ የመለስናት ልጅ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው ወር በአምስተኛው ገጻችሁ ጥግ ላይ አራት መስመር የማትሞላ ዜና አውጥታችሁ ነበር። ነገሩ የተፈጸመው በሌላ ከተማ ነው፤ ሰዎቹንም አላውቃቸውም። አንድ ግለሰብ ከባለቤቱ ጋር «በተፈጠረ አለመግባባት» ሕይወቷን አጥፍቶ በቁጥጥር ሥር መዋሉን፣ ሟችም የሦስት ልጆች እናት መሆኗን ይናገራል። ከሥሩ የመኪና ጎማ ማስታወቂያ አለ። ጋዜጣውን አጥፌ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት፤ ከምሳ በኋላ እንደገና አነሣሁት፤ ማታም አነሣሁት። ባለቤቴ «ጨረታ ልትገባ ነው እንዴ?» አለችኝ። «አለመግባባት» የምትለዋ ቃል ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅራ አልወርድ ስላለችኝ ይህን ደብዳቤ እጽፋለሁ።

የድሬዳዋ ሰው ነኝ። 31 ዓመት በምድር ባቡር መጋዘን ውስጥ ንብረት መዝጋቢ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ ብሎን፣ ፋኖስ፣ የሐዲድ ምስማር ስቆጥር ኖሬያለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ። ስንት ድንኳን፣ ስንት አግዳሚ ወንበር፣ ስንት ብረት ድስት እንዳለን በቃሌ አውቃለሁ። ስንት ሰው እንደቀበርንም አውቃለሁ። በመዝገባችን ውስጥ «ሞት» በሚለው ዓምድ ሥር ቀን፣ ስምና የተከፈለው ገንዘብ ይጻፋል እንጂ ምክንያት አይጻፍም። ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ በዚያ ዓምድ አንዲት የ32 ዓመት ሴት አስገባሁ። ሰፈሩን አልጠራም፣ ስሟንም አልጽፍም፤ ልጆቿ እዚሁ ናቸው፣ ትልቋም ጋዜጣ ታነባለች።

አባቷ የሥራ ባልደረባዬ ነበር፣ ባቡር ነጂ። ያደገችው በዓይናችን ሥር ነው። ማታ ማታ መንገድ ዳር ሳምቡሳና ባጊያ እየጠበሰች ትሸጥ ነበር። እኔን «ጋሼ» ትለኛለች፤ ሁለት የገዛሁ እንደሆነ ሦስተኛውን በወረቀት ጠቅልላ ትጨምርልኛለች፤ ገንዘቡን ልስጥሽ ብላት ትቆጣለች። ባሏንም አውቀዋለሁ። ሰው ሲሞት ምሰሶ ለመሸከም ቀድሞ የሚደርስ፣ ቀብር ላይ አካፋ ከእጁ የማይለይ ሰው ነበር። በእድሩ መዝገብ ውስጥ አንድም ቀን በቀሪነት አልተቀጣም። ይህን የምጽፈው ለእርሱ ለመመስከር አይደለም። እንዲህ ያለውን ሰው ሁላችንም አፉ የሚያስፈራ፣ ፊቱ የጠቆረ አድርገን ስለምናስበው ነው። እኔም እንደዚያ ስለማስብ ነበር ያላየሁት።

ይህቺን ልጅ ሦስት ጊዜ ወደ ቤቷ መልሰናታል። እኔ ከመላሾቹ አንዱ ነኝ።

የመጀመሪያው የዛሬ ሦስት ዓመት ከትንሣኤ በኋላ ነበር። ዓይኗ ሥር በልዞ፣ ልጆቿን ይዛ ኤረር እናቷ ዘንድ ሄደች። ባሏ ሽማግሌ ላከ፤ ሽማግሌዎቹ እኔ፣ የእድራችን ዳኛና አንድ ሀጂ ጎረቤታችን ነበርን። ድሬ እንዲህ ናት፤ ለክርስቲያኑ ትዳር ሀጂ ይቀመጣሉ፣ ለሙስሊሙም የክርስቲያን ሽማግሌ ይጠራል፤ ይህ መልካም ነገራችን ነው። ምንጣፍ ተነጠፈ፣ ጫት ቀረበ። በዘጠኝ ሰዓት ሙቀት ጫቱ ሞቅ ሲያደርገን ሁላችንም ሰሎሞን ነን። «ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳሉ» አልን። «ለልጆችሽ ስትይ ቻይ» አልን። እርሱ የአማቱን ጉልበት ሳመ፤ ለእርሷ ልብስ ገዛ፤ ቡና ተፈላ፣ ፈንዲሻ ተበተነ። ወደ ቤቴ ስመለስ አንድ ትዳር ያዳንኩ መስሎኝ ደረቴ ተነፍቶ ነበር።

ሁለተኛው በዓመቱ ግንቦት ላይ ነው። ግንቦት በድሬ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል። አልጋችንን ግቢ አውጥተን ነው የምናድረው፤ አንሶላ እንኳ ይከብዳል። እርሷ በዚያ ሙቀት አንገቷን በሻርፕ ጠቅልላ መጣች። ሻርፑን የፈታችላት ባለቤቴ ናት። በግራና በቀኝ የጣት ምልክት ነበር፤ ድምጿ ሻክሯል፣ ምራቅ ስትውጥ ያማታል። እኔ የጠየቅሁት «ደም ወጥቷል? የተሰበረ ነገር አለ?» ብዬ ነው። የለም አለች። «እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ። በሕይወቴ ብዙ ጊዜ እግዚአብሔርን አመስግኛለሁ፤ እንደዚያች ቀኗ የምታሳፍረኝ ግን የለችም።

ግቢ ውስጥ የሚያድር ሰው የማይሰማው ነገር እንደሌለም ልናገር። የድሬ ሌሊት ግድግዳ የለውም። ሳህን ሲሰበር፣ ልጅ ሲነቃ፣ «እገድልሻለሁ» ሲባል ከሦስት ግቢ ወዲያ ይሰማል። ጧት ግን ሁላችንም ሌሊቱን ጭልጥ ብለን የተኛን ነን። የሰው ገበና ነዋ! በመንገድ ላይ የምታገኘውን ጎረቤትህን ዓይን ዓይኑን እያየህ «እንዴት አደርክ፣ ሰላም ነው?» ትለዋለህ፤ እርሱም «ሰላም ነው» ይልሃል፤ ሁለታችሁም ታውቃላችሁ።

ሦስተኛው ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ነበር። ቢላዋ አንሥቶ «ከዚህ ቤት በእግርሽ አትወጪም» አላት። በዚህ ጊዜ ወደ እኛ አልመጣችም፤ በቀጥታ ፖሊስ ዘንድ ሄዳ አመለከተች። እኛም ተከትለን ሄድን። አቤቱታሽን አንሺ አልናት፤ የልጆችሽን አባት አሳስረሽ ማን ያበላቸዋል አልናት። ሀጂ ብቻ ተነሡ። «እኔ ይህቺን ልጅ ተመለሺ አልልም፤ ነገ አላህ ፊት የምናገረው ያሳጣኛል» ብለው ጫማቸውን አጠለቁና ሄዱ። የእድሩ ዳኛና እኔ ተያየን። ሰውዬው አርጅተዋል፣ ትዕግሥት አጥተዋል ተባባልን። ልጅቷ አቤቱታዋን አነሣች።

የወንድሜ ልጅ ሐረር ውስጥ ጠበቃ ነው። ሁሉም ነገር ካለፈ በኋላ ያኔ ያደረግነው ምን እንደሆነ አስረዳኝ። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚደርስ የኃይል ድርጊት እንደማንኛውም የአካል ጉዳት ወንጀል እንደሚያስቀጣ በግልጽ ይናገራል። ስለዚህ «የባልና ሚስት ጉዳይ» የሚባል ከሕግ የተከለለ አጥር የለም። ነገር ግን ቀለል ያለ ጉዳትን የሚመለከተው አንቀጽ 556ና ዛቻን የሚመለከተው አንቀጽ 580 የሚንቀሳቀሱት በተበዳዩ አቤቱታ ነው። አቤቱታው ሲነሣ መዝገቡ ይዘጋል። የመዝገቡ ቁልፍ በእርሷ እጅ ነበር፤ እኛ ደግሞ እጇን ጠመዘዝን።

ከዚያ በኋላ እርሷ ለማንም ሳትናገር ከሳምቡሳው ገንዘብ እየቆጠበች ሳቢያን አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራየች። የሁለት ወር ኪራይ ከፈለች፤ ልጆቹን ይዛ ገባች። የገባችበትን ቤት ለባሏ የነገረው ከእኛ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነው፤ ለማስታረቅ ብሎ፣ ለበጎ ብሎ። እኔ አይደለሁም። ግን ብጠየቅ ኖሮ እኔም እነግረው ነበር። በ11ኛው ቀን ሞተች። ትልቋ ልጇ ቤት ውስጥ ነበረች። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ለቅሶ ላይ የተወራውን ግን እጽፋለሁ። «ሰይጣን አሳሳተው» ያለ አለ። «ቅናት ነው» ያለ አለ። «ምን አድርጋው ይሆን?» ያለችም ሴት ነበረች፤ ያውም ሟቿ የጠበሰችውን ስትበላ የኖረች። እኔ የመጋዘን ሰው ነኝና ዕቃ ሲጎድል ከመቼ ጀምሮ እንደጎደለ ወደ ኋላ እየቆጠርኩ ነው የማገኘው። ከአርባዋ በኋላ የግድግዳ ዘመን መቁጠሪያ አውርጄ፣ ባለቤቴንና ሁለት ጎረቤቶችን አስቀምጬ፣ የሰማነውን ሌሊት ሁሉ በዓመት በዓሉም በደመወዝ ቀኑም እያስታወስን ምልክት አደረግሁበት። ከመጀመሪያው ሽምግልና እስከ መጨረሻዋ ቀን በ26 ወራት ውስጥ 14 ምልክት ሆነ። በመጀመሪያ በአንዱና በሌላው መካከል አራት ወር፣ አምስት ወር ነበር። በመጨረሻ ሁለት ሳምንት። ሰይጣን እንዲህ ያለ ሥርዓት ያለው ሒሳብ አይሠራም።

ዘመን መቁጠሪያውን ለልጄ አሳየኋት። ነርስ ናት። ዝም ብላ ስታየው ቆየችና «አባባ፣ ይህ እኮ የታወቀ ነገር ነው» አለችኝ። ጃክሊን ካምቤል የምትባል አሜሪካዊት ነርስና ተመራማሪ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1985 አንድ መጠይቅ አዘጋጅታ ነበር። የተደበደበችው ሴት በመጀመሪያ ዘመን መቁጠሪያ ይሰጣትና የተመታችባቸውን ቀናት ራሷ ምልክት ታደርጋለች። ብዙ ሴቶች «አልፎ አልፎ ነው» ብለው ጀምረው ምልክቱን ሲያዩ ይደነግጣሉ። ከዚያ በኋላ ጥያቄ ይከተላል፤ ዛሬ 20 ደርሷል። ድብደባው እየበዛ ወይም እየከፋ መጥቷል ወይ? በመሣሪያ አስፈራርቶሻል ወይ? አንቆሻል ወይ? እገድልሻለሁ ብሏል ወይ? ሊገድለኝ ይችላል ብለሽ ታምኛለሽ ወይ? እየተከታተለ ይሰልልሻል ወይ? አብራችሁ ከኖራችሁ በኋላ ትተሽው ሄደሻል ወይ? ልጄ አንድ በአንድ ስታነብልኝ እኔ በልቤ «አዎ» እያልኩ ነበር። ሰባቱም አዎ። ጥያቄው የተጻፈው ለእኛ ግቢ ይመስል ነበር።

ስለ መታነቅ የነገረችኝ ደግሞ እንቅልፍ ነሥቶኛል። ባሏ ያነቃት ሴት ከተደበደበች ግን ካልታነቀች ሴት ጋር ስትነጻጸር በእርሱ እጅ የመገደል ዕድሏ ወደ ሰባት እጥፍ ከፍ እንደሚል በ2008፣ አሁንም በፈረንጆች አቆጣጠር፣ የወጣ ጥናት አሳይቷል። ብዙ ጊዜ በቆዳ ላይ ምንም ምልክት አይታይም፤ የውስጡ ጉዳት ግን ሰዓታት ወይም ቀናት ቆይቶ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ የታነቀ ሰው፣ ደህና ነኝ ቢልም፣ የዚያኑ ዕለት ሐኪም ሊያየው ይገባል። ድምፁ የሻከረ፣ መዋጥ ያቃተው፣ ራሱን ስቶ የነበረ፣ ሽንቱ ያመለጠው ሰው ደግሞ አንድ ደቂቃ አይጠበቅለትም። እኔ ደም አለ ወይ ብዬ ጠየቅሁ።

የመሄጃዋ ሰዓት የሞት ሰዓቷ መሆኑንም ያኔ አልገባኝም ነበር። ሴት ቤቷን ጥላ ከወጣች በኋላ ሰው ነገሩ በረደ ብሎ ያስባል፤ እኛም በርዷል ብለን ነበር። የበረደው ለእኛ ነው። ሰውዬው እርሷን የያዘበት ገመድ ሲበጠስ አይቷል፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታትና ወራት ከሁሉም የከፉ ናቸው። ሴት ልጅ ለመውጣት ስትወስን አጃቢ፣ የሚደብቃት ቤትና አፉን የሚዘጋ ሽማግሌ የሚያስፈልጋት ያን ጊዜ ነው። በአገራችን በአንዳንድ ሆስፒታሎች፣ ለምሳሌ አዲስ አበባ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል፣ ሕክምናውንም ፖሊሱንም የሕግ ምክሩንም በአንድ ቦታ የሚሰጡ ማዕከላት ተከፍተዋል። እኛ ያቺን ልጅ ወደዚያ ዓይነት ቦታ ስለመውሰድ አላሰብንም፤ ያሰብነው ስለ ፈንዲሻው ነው።

ድሬዳዋ ይህን ለመረዳት ምሳሌ ከሩቅ መፈለግ የለባትም። ከተማችንን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ በዓመት አብዛኛው ቀን ደረቅ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ንግድ ይነግድበታል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል። ጎርፉ የሚመጣው እዚህ ዘንቦ አይደለም። ደጋው ላይ፣ በደንገጎ በኩል ሰማዩ ይጠቁራል፤ እኛ ጋ ኮከብ ይታያል። በ1998 ክረምት በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ይዞ ሲሄድ ብዙዎቹ ተኝተው ነበር። ከዚያ ወዲህ ደጋው ሲጠቁር ወንዙ ዳር ያለ ሰው «ኧረ ተነሡ!» ብሎ ይጮኻል። ማንም «የወንዙ ገበና ነው» ብሎ ዝም አይልም። በእኔ ግቢ ግን ደጋው 26 ወር ጠቁሮ ነበር።

ይህ የአንድ ሰፈር ጉድ ብቻ እንዳይመስላችሁ ጥቂት ቁጥር ልጨምር፤ ቁጥር ካልጻፍኩ እጄን ያመኛል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ባወጣው መረጃ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2023 በዓለም ላይ 51,100 ያህል ሴቶችና ልጃገረዶች በትዳር ጓደኛቸው ወይም በቤተሰባቸው አባል ተገድለዋል፤ በቀን 140 መሆኑ ነው። ከሕዝብ ብዛት አንጻር ሲታይ ከፍተኛው መጠን የአፍሪካ ነው። በ2008 ዓመተ ምሕረት በአገራችን በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከተጠየቁት ሴቶች 63 በመቶው ባል ሚስቱን ለመምታት የሚያበቃው ምክንያት አለ ብለው መልሰዋል፤ ወንዶቹ 28 በመቶ ናቸው። ልብ በሉ፣ ሴቶቹ ይበልጣሉ። ባለቤቴ ይህን ስነግራት «ታዲያ እናንተ አይደላችሁ ቻይ ስትሉን የኖራችሁ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። በዚያው ጥናት ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ሦስት እጅ ሁለቱ ለማንም ያልተናገሩ፣ እርዳታም ያልጠየቁ ናቸው። የእኛዋ ልጅ ግን ተናግራለች። ለእናቷ፣ ለእኛ፣ ለፖሊስ ተናግራለች። «ለምን አልተናገረችም?» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ አሁን አሁን ቁጣዬን መቆጣጠር ያቅተኛል።

ከሞት በኋላ ያለውን ደግሞ ማንም አይጽፈውም፤ ጋዜጣችሁም በጎማ ማስታወቂያ ይዘጋዋል። እኔ የማውቀው ከመዝገቤ ስለሆነ ከመዝገቤ ልጀምር።

በእድራችን ደንብ አባል ሆኖ የሚመዘገበው የቤቱ አባወራ ነው። የአባል ሚስት ስትሞት 8,000 ብር ለአባሉ ይከፈላል። አባሉ ማን ነው? እርሱ! ቀብሩ በተፈጸመ በስድስተኛው ቀን ወንድሙ መጣና «የወንድሜን የእድር ገንዘብ ልቀበል፤ ጠበቃ ልንይዝለት ነው» አለኝ። በትሕትና ነው ያለኝ፤ ባርኔጣውን አውልቆ። ደንቡን ገልጬ አየሁ፤ ትክክል ነው፤ መዋጮውም አንድ ወር ያልዘለለ ነው። በዚያ ወንበር ላይ ስቀመጥ ስንት ዓመቴ ነው፣ እጄ እንደዚያ ተንቀጥቅጦ አያውቅም። «ጠቅላላ ጉባኤ ይወስናል» ብዬ ላክሁት። እሑድ ዕለት ሦስት ሰዓት ሙሉ ተከራከርን። ደንብ ደንብ ነው፣ ዛሬ ከጣስነው ነገ ማን ያምነናል ያሉ ነበሩ፤ ክፉ ሰዎች አይደሉም። በመጨረሻ አንዲት ጡረተኛ መምህርት ተነሥታ «ድስቱን ያጠበው ማን ነበር?» አለች። ለ9 ዓመት በየለቅሶው የእድሩ ድስት ላይ የቆመችው ሟቿ ናት። ገንዘቡ ለአያቲቱ እንዲሰጥ በ61 ድምፅ ተወሰነ። 22 ተቃወሙ፤ በቃለ ጉባኤው ላይ አለ።

አያቲቱ ከኤረር የመጡት በአንድ ፌስታል ልብስ ነው። የሦስት ልጆች አሳዳጊ ሆኑ። በድሬዳዋ የሚሠራው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው፤ በዚህ ሕግ ከወላጆች አንዱ ሲሞት የቀረው ብቻውን የልጆቹ ሞግዚትና አሳዳሪ ይሆናል። የቀረው ማን ነው? ፍርድ ቤት እርሱን አንሥቶ ሌላ ሰው መተካት ይችላል፤ ግን ማመልከቻ፣ ምስክርና ምልልስ ይጠይቃል። ማመልከት የነበረባቸው ደግሞ ገና ከል ያላወለቁ፣ የከተማውን መንገድ የማያውቁ የ64 ዓመት ሴት ናቸው። ውሳኔው ከአምስት ወር በኋላ እስኪመጣ ድረስ ትንሹን ልጅ ትምህርት ቤት ለማዛወር፣ የእናታቸውን ጥቂት የባንክ ገንዘብ ለማውጣት «የአባት ፊርማ» ይባላል። አንድ ጸሐፊ ይህንኑ ሲላቸው አጠገባቸው ነበርኩ። «ልጄ፣ የእርሱ ፊርማ የት እንዳለ አሳይሃለሁ፤ መቃብሯ ላይ ነው» አሉት። ልጁ ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀላቸው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 838 ሟችን ሆን ብሎ በመግደል የተፈረደበት ሰው ለመውረስ የተገባ እንዳልሆነ ይደነግጋል። መልካም ነው። ነገር ግን ሕጉ የሚለው የተፈረደበት ነው፤ ፍርዱ እስኪሰጥ ልጆቹ መብላት አለባቸው። ጣሊያን በ2018 በፈረንጆች አቆጣጠር እንዲህ ላሉ ወላጅ አልባ ልጆች ራሱን የቻለ ሕግ አውጥታለች፤ ተጠርጣሪው ገና ክስ ላይ ሳለ የውርስ መብቱ ይታገዳል፣ ልጆቹ ገቢያቸው ሳይታይ ነጻ ጠበቃ ያገኛሉ። ለዚህ ብዙ ቢሊዮን ብር አያስፈልግም። እዚህም ቢሆን አንድ የወረዳ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ባለሙያ አያቲቱን እጃቸውን ይዞ ፍርድ ቤት ቢያደርሳቸው የአምስት ወሩን መንገድ ማሳጠር ይቻል ነበር። ያደረሳቸው የወንድሜ ልጅ ነው፤ ከሐረር በራሱ የትራንስፖርት ገንዘብ እየመጣ።

ስለ ልጆቹ ስጽፍ እጠነቀቃለሁ። ለቅሶው ላይ ለትንሹ ልጅ «እማዬ ሩቅ አገር ሄዳለች» ተባለ። ይህ ልማዳችን ነው፤ ለርኅራኄ ብለን ነው። ልጁ ግን ለሦስት ወር ያህል ባጃጅ በቆመ ቁጥር ወደ በር ሮጠ። ልጄ ነርሷ ናት በኋላ ቁጭ አድርጋ፣ በአጭር ቃል፣ እናትህ ሞታለች አትመለስም፣ ይህ የሆነው በአንተ ጥፋት አይደለም ያለችው። አለቀሰ፤ ከዚያ በኋላ ግን ወደ በር አልሮጠም። መካከለኛው ልጅ አባቱን ይናፍቃል። በዚህ የሚቆጡ ዘመዶች አሉ፤ «እንዴት ይጠይቃል?» ይላሉ። የሰባት ዓመት ልጅ አባቱን ቢናፍቅ ምን ይደንቃል? ማረሚያ ቤት ይወሰድ አይወሰድ በሚለው እኔና አያቲቱ እስካሁን አልተስማማንም፤ እርሳቸው እምቢ ይላሉ፣ እኔም አላስገድዳቸውም።

ትልቋ የሆነውን ነገር ለአምስት የተለያዩ ሰዎች አምስት ጊዜ ተናግራለች፤ በየጊዜው አዲስ ሰው፣ አዲስ ጠረጴዛ። ከዚያ በኋላ ክፍል ውስጥ መናገር ተወች። አንድ መምህር የቤት ሥራ ባለመሥራቷ «ነገ ወላጅ ይዘሽ ነይ» ብሏት ነበር። መምህሩ አላወቀም፤ ማንም አልነገረውም። ቤት መጥታ ለአያቷ አልነገረችም፤ ለእኔ ነው የነገረችኝ፣ አንገቷን ደፍታ፣ «ጋሼ፣ ወላጅ ተባልኩ» ብላ። በማግስቱ የባቡር ሥራዬን ኮት ለብሼ ሄድኩ። መምህሩ ሲሰማ ጠመኔው ከእጁ ወደቀ። አሁን በየሳምንቱ ዓርብ እርሱ ራሱ ከትምህርት በኋላ ያስጠናታል። ይህን ለማድረግ መመሪያ አልጠበቀም፤ የሚያሳዝነው ግን በዚያ ትምህርት ቤትና በፖሊስ ጣቢያው መካከል ያለው መንገድ በእግር የስምንት ደቂቃ ሆኖ ሳለ ወሬው ለመድረስ አራት ወር መፍጀቱ ነው።

እንግሊዞች ከ2011 ጀምሮ በፈረንጆች አቆጣጠር እንዲህ ያለ ሞት በደረሰ ቁጥር ፖሊሱ፣ ሐኪሙ፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛውና ሌሎችም አንድ ላይ ተቀምጠው ማን ምን ያውቅ እንደነበር፣ የትኛው በር እንደተንኳኳና እንዳልተከፈተ መርምረው እንዲጽፉ ሕጋቸው ያስገድዳል። ገዳዩን መቅጣት የፍርድ ቤቱ ሥራ ነው፤ ይህኛው ለሚቀጥለው ሰው ነው። ሐዲድ ላይ አደጋ ሲደርስ እኛም እንዲሁ እናደርግ ነበር፤ ነጂው ቢታሰርም ብሎኑን ማን እንዳላጠበቀው ሳይታወቅ ባቡሩ ዳግመኛ በዚያ አይሄድም። የእኛ ከተማም እንዲህ ያለ ጉባኤ ቢያቆም ሽማግሌዎቹም ይጠሩ እላለሁ። መጀመሪያ እኔን ጥሩኝ፤ ዘመን መቁጠሪያዬን ይዤ እመጣለሁ።

እስከዚያው ድረስ እድራችን የቻለውን አድርጓል። ከመስከረም ጀምሮ ባልም ሚስትም በየስማቸው ይመዘገባሉ፤ አባሉን የገደለ ሰው፣ ወንድም ሴትም ቢሆን፣ ምንም አይቀበልም፤ ገንዘቡ ልጆቹን ለሚያሳድገው ይሆናል፣ ልጆቹም 18 ዓመት እስኪሞላቸው ያለ መዋጮ አባል ናቸው። መታነቅ፣ የመግደል ዛቻ ወይም መሣሪያ ያለበትን ጉዳይ ሽማግሌዎቻችን አያዩም፤ ሐኪም ቤትና ፖሊስ ዘንድ አጅበው ይወስዳሉ፣ ያረፈችበትን ቦታም ለማንም አይናገሩም። ይህን አንቀጽ እንዲያረቁ የጠየቅናቸው ሀጂን ነው። የእድራችን አባል አይደሉም፤ እንደ እድር ያለ የራሳቸው ማኅበር፣ አፎቻ፣ አላቸው፤ ግን መጡ፣ ጻፉልን፣ ለአፎቻቸውም ቅጂ ወሰዱ። ይቅርታ ጠይቄያቸዋለሁ። «ይቅርታው ለእኔ ሳይሆን ለልጅቷ ነበር» አሉኝ፤ ከዚያ ሻይ አዘዙልኝ።

ከእናንተ የምፈልገው ትንሽ ነገር ነው። እንዲህ ያለ ዜና ሲደርሳችሁ «አለመግባባት» አትበሉት፤ ያልተግባባ ሰው ይጣላል፣ ይፋታል፣ ያኮርፋል። ከዚያ በፊት አቤት ብላ እንደሆነ ጠይቃችሁ ጻፉ። የልጆቹን ስምና የትምህርት ቤታቸውን ፎቶግራፍ አታውጡ። ከዜናው ሥር ደግሞ፣ ለጎማው ማስታወቂያ ከምትሰጡት ቦታ ሁለት መስመር ቀንሳችሁ፣ የታነቀ ሰው ሐኪም ዘንድ ይሂድ ብላችሁ አክሉበት።

ባለፈው እሑድ አያቲቱ በራሳቸው ስም አባል ሆኑ፤ 143ኛ ቁጥር ናቸው። የመጀመሪያ መዋጮአቸውን ከመሐረባቸው ፈትተው አምስት አምስት ብር እየቆጠሩ ሲሰጡኝ «ደረሰኙን ለልጅቷ ስጣት፤ እርሷ ናት የምታነብልኝ» አሉኝ። ልጅቷ ደረሰኙን ተቀብላ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አየችና ቀኑ ላይ ስሕተት እንዳለ አሳየችኝ። እውነቷን ነው፤ ሌላ ጻፍኩላት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የእድር ጸሐፊ
ድሬዳዋ
(ስሜን ታውቁታላችሁ፤ ስለ ልጆቹ ስትሉ አታውጡት።)